ሬቲኖል፣ ቫይታሚን ሲ ወይስ ካፌይን? የዓይን ሥር ክሬም ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ በፈረቃ እገባለሁ። የ8 ወር ልጅ አጠባለሁ። ዓይኔ ሥር ጠቁሯል፣ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ያብጣል፤ ረፋድ ላይ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ጥቁረቱ ግን አይለቅም። ዓይኔ በጣም ያሳክከኛል፣ ሳላሸው አልውልም። ከኮስሞቲክስ ቤት በትንሽ ዕቃ እየቀዱ የሚሸጡትን ፊት የሚያጠራ ቅልቅል ክሬም ከተቀባሁ ግማሽ ዓመት ሆኖኛል፤ ፊቴን አጥርቶልኛል፣ ዓይኔ ሥር ያለው ግን ብሶበታል። አሁን የዓይን ክሬም ልገዛ ብዬ ሦስት አሳዩኝ፦ አንዱ ሬቲኖል፣ አንዱ ቫይታሚን ሲ፣ አንዱ ካፌይን ያለበት ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ‹በከንቱ ገንዘብሽን አትጨርሺ፣ ቫዝሊን ይበቃሻል› ትላለች። የቱን ልግዛ?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ አንዱንም አሁን አይግዙ። መጀመሪያ የሚቆመው ቅልቅል ክሬሙ ነው፤ ቀጥሎ የሚታከመው ማሳከኩ ነው። የዓይን ክሬም ምርጫ ከሁለቱ በኋላ ይመጣል፤ ያኔም ምናልባት ከጠበቁት ያነሰ ነገር ነው የሚያስፈልግዎ።

«የዓይን ክሬም» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ተራ የፊት ማለስለሻ ነው። 15 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ትንሽ ቱቦ ተሞልቶ ስሙም ዋጋውም ይለወጣል። ጥሩ ከሆነ ከፊት ክሬሙ የሚለየው ሽቶ ስለሌለው፣ የሚያቃጥሉት ንጥረ ነገሮች መጠናቸው ስለተቀነሰና ቀልጦ ወደ ዓይን እንዳይገባ ወፈር ተደርጎ ስለተሠራ ነው። እነዚህን የሚያሟላ ሽቶ አልባ የፊት ክሬም ካለዎት፣ ዓይን ሥር ሲቀቡት ከትንሿ ቱቦ ያነሰ ሥራ አይሠራም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቆዳው ስስ ስለሆነ ነው። የዓይን ቆብ ቆዳ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ የሚሳሳው እሱ ነው። የቅባት ዕጢዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ከሥሩም ስብ እምብዛም የለም፤ ቆዳው ጡንቻውና የደም ሥሮቹ ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተለጥፎ ነው ያለው። ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃ ሲቋጥር ቶሎ ያብጣል፣ የተቀባውንም ነገር ከጉንጭ ይልቅ በቀላሉ ወደ ውስጥ ያስገባል። ጉንጭ ላይ ምንም ያላደረገ ክሬም እዚህ ቦታ ሽፍታ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ሁሉም ሰው «ጥቁረት» ብሎ የሚጠራው ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያየ ምንጭ አለው፤ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው አይሠራም። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ሜካፕና ያለ ኩል መስታወት ይያዙ። የታችኛውን ቆብ ቆዳ በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ጎን ይሳቡት። ቡናማው ቀለም ሳይለወጥ ከቆዳው ጋር አብሮ ከተሳበ ምንጩ ሜላኒን ነው፤ ማለትም ቆዳው ራሱ ቀለም አምርቷል። ሲሳብ ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚደምቅ ከሆነ ከሥር ያሉት የደም ሥሮች ናቸው የሚታዩት። አሁን ቆዳውን ይልቀቁና አገጭዎን ቀና አድርገው ብርሃኑ በቀጥታ ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ጥቁረቱ በአብዛኛው ከጠፋ፣ ያዩት የነበረው ጥላ ነው፤ ከዓይን ውስጠኛ ጥግ ወደ ጉንጭ የሚወርደው ጉድጓድ ወይም ወደ ፊት የወጣው የዓይን ከረጢት የሚጥለው ጥላ ማለት ነው። በእኛ የቆዳ ቀለም ሁለቱ ወይም ሦስቱም አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ያም ሆኖ የትኛው እንደሚበዛ በዚህ ሙከራ በደንብ ይለያል።

ጥላን የሚያጠፋ ክሬም የለም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ጉድጓድ የአጥንትና የስብ አቀማመጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከእናት ከአባት የሚወረስ ነው። መሙያ መርፌና ቀዶ ሕክምና አሉ፤ ነገር ግን መርፌው ዓይን አጠገብ በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይነ ስውርነት ድረስ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ከሠለጠነ ሐኪም ውጭ በውበት ሳሎን የሚሰጥ ከሆነ አይሞከርም። ሌዘርም ጠይም ቆዳ ላይ በአግባቡ ካልተመጠነ አዲስ ጥቁረት ትቶ ይሄዳል።

የደም ሥር ቀለም የሚበዛበት ሰው ከካፌይን ትንሽ ይጠቀማል። ካፌይን የደም ሥሮችን ለጊዜው ያጠባል፣ እብጠትም ትንሽ ያረግባል። የሚሠራው ለሰዓታት ነው፤ ካቆሙት ቀለሙ እንደነበረው ይመለሳል። ቡናማው ጥቁረት ላይ ምንም አያደርግም። ሻጩ «ጥቁረት ያጠፋል» ብሎ ሦስቱንም ክሬም በአንድ ቃል ሲያቀርብልዎ የሚያልፈው ይህንን ልዩነት ነው።

ሜላኒን ለሚበዛበት ሰው የሚጠቅሙት ናያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ቫይታሚን ሲ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ እንዲሁም በሐኪም ምክር አዜላይክ አሲድ ናቸው። ለዚህ ቦታ ናያሲናማይድ ይመረጣል። አያቃጥልም፣ በብርሃንም በሙቀትም ቶሎ አይበላሽም፣ ለምታጠባ እናትም አይከለከልም። ቫይታሚን ሲ ጥሩ ነው፤ ዋናው ዓይነት፣ አስኮርቢክ አሲድ፣ የሚሠራው ግን አሲዳማ በሆነ ውህድ ውስጥ ነው፤ የሚያሳክክና የታሸ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ሲከፈት አየር ያበላሸዋል፤ መጀመሪያ ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ የነበረው ወደ ብርቱካንና ቡናማ ሲሄድ ጥቅሙ አልቋል። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ወራት የተቀመጠ የቫይታሚን ሲ ብልቃጥ ሳይከፈትም ተበላሽቶ ሊጠብቅዎ ይችላል።

ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ዓይነት ሲሆን ለሽብሽብ የሚሆን ነው። ቆዳን የሚያጠነክረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን እንዲመረት ያግዛል፣ ቀለምንም በዝግታ ያስተካክላል። እርጉዝ ሴት አትቀባውም። በማጥባት ጊዜም በቂ መረጃ ስለሌለ ይቆያል። ለእርስዎ የመጀመሪያ ችግር ሽብሽብ ስላልሆነ ደግሞ ለመቸኮል ምክንያት የለም።

ቅልቅል ክሬሙ ዋናው ጉዳይ ነው። ስሙ፣ አምራቹ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት፣ ከትልቅ ዕቃ እየተቀዳ የሚሸጥ፣ በሳምንታት ውስጥ ፊት የሚያጠራ ክሬም ሲያጋጥም ሦስት ነገሮች ይጠረጠራሉ፤ ጠንካራ ስቴሮይድ የተባለው የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት (ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን)፣ ቆዳ ቀለም እንዳያመርት የሚገታው ሃይድሮኪኖን እና መርዛማው ብረት ሜርኩሪ። ሦስቱም በእርግጥ ያጠራሉ፤ ተንኮላቸውም እዚያ ላይ ነው።

ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳል። ቀድሞም የሳሳው የዓይን ሥር ቆዳ የበለጠ ሲሳሳ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ጎልተው ይወጣሉ፤ ጥቁረቱ የሚብሰው በዚህ በኩል ነው። ከዚህ ሌላ ጉንጭዎ ሲጠራ ያልጠራው የዓይን ሥር በንጽጽር የበለጠ ጠቁሮ ይታያል። «ፊቴን አጥርቶልኛል፣ ዓይኔ ሥር ግን ባሰ» የሚለው ቃልዎ ከሁለቱም ጋር ይገጥማል። ከመልክ ያለፈም አደጋ አለው። ዓይን አካባቢ ለወራት የተቀባ ስቴሮይድ የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ፣ የዓይን ሌንስን አደብዝዞ ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ግላኮማ ሕመም ሳያሰማ ነው እይታን ከዳር ጀምሮ የሚበላው።

ሃይድሮኪኖን ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ በተቃራኒው ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህ ጥቁረት ከመጣ ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በጡት ወተት ያልፋል፣ ከእናት ፊት፣ እጅና ፎጣ ወደ ሕፃኑ ቆዳ ይነካካል። ኩላሊቱ ፕሮቲን ማፍሰስ ሲጀምር የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ጠዋት ጠዋት የዓይን ዙሪያ እብጠት ነው። የእርስዎ እብጠት የግድ ከዚህ መጥቷል ማለት አይደለም። ነገር ግን ማንነቱ የማይታወቅ ክሬም ግማሽ ዓመት የተቀባ ሰው ጠዋት ዓይኑ ካበጠ፣ ማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራው ተራ የሽንት ምርመራ ሳይደረግ «የእንቅልፍ እጦት ነው» ተብሎ አይታለፍም። እዚያው የሄሞግሎቢን ምርመራም ያሠሩ። ከወሊድ በኋላ የደም ማነስ የተለመደ ነው፤ ፊት ሲገረጣ የዓይን ሥር ጥቁረት ይጎላል።

ክሬሙን ሲያቆሙ የሚመጣውን አስቀድመው ይወቁ። ስቴሮይድ ከነበረበት ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ፊት ሊቀላ፣ ሊያቃጥል፣ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ሊያወጣ፣ ሊላላጥ ይችላል። ብዙዎች ወደ ክሬሙ የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሲመለሱ ቅላቱ በአንድ ቀን ይጠፋል፣ ጥገኝነቱ ግን ይጠነክራል። ስለዚህ ከማቆምዎ በፊት ወይም ባቆሙበት ሳምንት የቆዳ ሐኪም ይዩ። ደሴ አካባቢ ላለ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቆዳም ለዓይንም ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ቆዳውንም የዓይን ግፊቱንም እዚያ ማስመርመር ይቻላል። ክሬሙን ከነዕቃው ይዘው ይሂዱ፣ አይጣሉት።

ወደ ማሳከኩ እንመለስ። ዓይን በተደጋጋሚ ሲታሽ ቆዳው ይቆጣል፣ የተቆጣ ጠይም ቆዳ ደግሞ ቀለም ያመርታል። በሌላ አነጋገር ጥቁረቱን በየቀኑ በጣትዎ እያደሱት ነው፤ እጅ ሳይሰበሰብ የሚቀባ ናያሲናማይድም ሆነ ቫይታሚን ሲ ዋጋ የለውም። አለርጂ በራሱ ከዓይን ሥር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ደም እንዲቋጥሩ ያደርጋል፣ ወይን ጠጅ ጥላና እብጠት የሚያመጣውም ይኸው ነው። መንስኤውን አካባቢዎ ውስጥ ይፈልጉ፤ የስፌት ቤት የጨርቅ ብናኝ፣ የመንገድ አቧራ፣ የከሰልና የእጣን ጭስ፣ ከክረምት መውጫ በኋላ የሚነሳው የሣርና የአበባ ብናኝ፣ የአራስ ቤት ወይባ ጭስ ሳይቀር። ያልታሰበ ምንጭም አለ። የጥፍር ቀለም፣ የፀጉር ቀለምና ለሰርግ የሚደረግ «ጥቁር ሒና» እጅ ወይም ራስ ላይ ሳያሳክኩ ዓይን ቆብ ላይ ብቻ ሽፍታ ሊያወጡ ይችላሉ፤ እጅ ዓይንን ስለሚነካና ቆቡ ስስ ስለሆነ ነው። ጥቁር ሒና የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው፤ ንጹሑ የሒና ቅጠል ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አያወጣም። የሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ማጣበቂያም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው። ኩል የሚጠቀሙ ከሆነ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የሚገኝባቸው ዓይነቶች ስላሉ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ምንጩ ያልታወቀውን ማስወገድ ነው፤ ለልጁ ዓይንማ ጨርሶ አይደረግም።

ለማሳከኩ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው ጨምቀው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይያዙበት፤ ከፈረቃ ሲመለሱና ከመተኛትዎ በፊት። ቤት እንደገቡ ፊትዎን ታጥበው የሥራ ልብስና ሻሽ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይተዉ። ካልበቃ ኦሎፓታዲን የመሰለ የአለርጂ ጠብታ ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ጠይቀው ይጠቀሙ፤ ማጥባትዎን ይንገሩ። የሚከለከለው አንድ ነገር አለ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ አይግዙ። ብዙ ጊዜ ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ብልቃጥ ይመጣል፣ ማሳከኩን በአንድ ቀን ጸጥ ያደርጋል፣ ለዚህም ሰው ይወደዋል። ቅልቅል ክሬሙ በቆዳ በኩል ያስጀመረውን ጉዳት ይህ ጠብታ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይጨርሰዋል። (ግላኮማ ታክመው ላታኖፕሮስት የመሰለ ጠብታ የሚያደርጉ ዘመድ ካሉዎት፣ ያ መድኃኒት የዓይን ቆብን እንደሚያጠቁር ይወቁ፤ የሚታዘንበት እንጂ መድኃኒት የሚቆምበት ምክንያት አይደለም፣ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።)

ስለ እብጠቱ ተጨማሪ ነገር። ጠዋት አብጦ ረፋድ ላይ የሚቀንስ ውሃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአንድ መጠን የሚቆይ ግን ስብ ነው፣ ስብ ደግሞ ለክሬም አይገዛም። ውሃ እንዲቋጠር የሚያደርጉት ጨው የበዛበት እራት፣ በሆድ ተኝቶ ማደር፣ የተቆራረጠ እንቅልፍና ማልቀስ ናቸው። ትራስዎን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ከማታ ፈረቃ ወጥተው በቀን ሲተኙም እብጠቱ ይመጣል፤ የሚወስነው ሰዓቱ ሳይሆን ተጋድሞ የቆየው ጊዜ ነው። ቀዝቃዛ ጨርቁ እዚህም ይሠራል። ኪያር መቁረጥ ከፈለጉ ይቁረጡ፣ የሚሠራው ግን ቅዝቃዜው ነው። ሎሚ በፍጹም አይነካም። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል፣ ከቁስሉም በኋላ ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል።

ጓደኛዎ ስለ ቫዝሊን ያሉት ግማሽ እውነት ነው። ቫዝሊን ቆዳ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይተን በመከልከል የሚወዳደረው የለም፤ ሽቶ የሌለው ከሆነ አለርጂ ማምጣቱም እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በድርቀት የመጡ ጥቃቅን መስመሮችን በሁለት ሦስት ቀን ያለሰልሳል፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የደሴ ደረቅ ብርድ። ጥቁረት ግን አያጠፋም። አብዝቶ ሲቀባ ዓይን ውስጥ ገብቶ እይታን ያደበዝዛል። ዓይን ሥር ጥቃቅን ነጫጭ ጠጣር ፍሬዎች የሚወጡበት ሰው ካለ፣ ወፍራም ቅባት ሊያባብስበት ስለሚችል ቀለል ባለ ሎሽን ይተካ። ፍሬዎቹን በመርፌ ቤት ውስጥ መፈንቀል ጠባሳ ነው ትርፉ።

ደሴ ላይ በጣም የሚረሳው ፀሐይ ነው። ብርድ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል። ቆዳን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ከሙቀት ጋር አይሄድም፤ ከባሕር ጠለል በላይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ፤ ሁለቱም ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናቸው። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ሲሞቅዎ ፀሐዩ የጠነከረ ይመስላል እንጂ፣ ደመና በሌለበት ቀን ጨረሩ የሚበረታው ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ነው። ስለዚህ ጥቁረት ለሚያሳስበው ሰው አንድ ዕቃ ብቻ የመግዛት አቅም ካለ፣ ያ ዕቃ የዓይን ክሬም ሳይሆን የፀሐይ መከላከያ ነው። የመከላከል አቅሙ (ኤስ ፒ ኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ ሽቶ የሌለው ይምረጡ። ዚንክ ዓይን አካባቢ ከሌሎቹ ያነሰ ያቃጥላል። የቆዳ ቀለም የተጨመረበት ዓይነት ካገኙ የተሻለ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ፣ ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከለክላል፣ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነጭ ሆኖ ከመታየትም ያድናል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ውጭ የሚያስቆይ ጉዳይ ካለ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ወይም ጥላ፣ ከዚያም አልትራቫዮሌት 400 የሚል መነጽር ይጨምሩ።

እንግዲህ ለእርስዎ የሚሆነው አሠራር ይህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ጠዋት ፊትዎን በለብታ ውሃ ይታጠቡ፣ ሳይፈትጉ በፎጣ ይጫኑት፣ ሽቶ የሌለው ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለበት ተራ ክሬም ይቀቡ፣ በላዩ የፀሐይ መከላከያውን። ማታ መታጠብ፣ ያው ክሬም፣ ደረቅ ሲሆን በላዩ በጣም ስስ ቫዝሊን። ሌላ ምንም። በዚህ ጊዜ ማሳከኩ ከበረደና ከቅልቅል ክሬሙ የመጣው ቅላት ከጠፋ፣ ናያሲናማይድ እስከ 5 በመቶ ያለበት ክሬም በማታው ክሬም ቦታ ይጀምሩ። ከመጀመርዎ በፊት የክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ አንድ ቦታ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ይቀቡት፤ አንድ ቀን የሚደረግ ሙከራ አይበቃም፣ አለርጂ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ዓይን ሥር ከጀመሩ በኋላ ለውጡን በ12ኛው ሳምንት ይመዝኑ፤ መስኮቱ አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት በስልክ ፎቶ ማንሳት ከማስታወስ ይሻላል። ጥቁረቱ ይቀላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። «በ7 ቀን» የሚል ማስታወቂያ ወይ ውሸት ነው ወይ ስቴሮይድ አለበት።

መጠኑ ለአንድ ዓይን የምስር ፍሬ የሚያህል ነው። በቀለበት ጣት ነጠብ ነጠብ አድርገው የዓይን ጉድጓድ አጥንት ጠርዝ ላይ ያስቀምጡት፤ ሽፋሽፍት ሥር አያስጠጉት። ክሬም ሙቀት ሲያገኘው ራሱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ሽፋሽፍት ሥር የተቀባ ሌሊት ዓይን ውስጥ ገብቶ ጠዋት ያበጠ፣ የቀላ ዓይን ይሰጣል፤ ከዚያ «ክሬሙ አልተስማማኝም» ይባላል። አይሹት፣ ይጫኑት። ከመተኛትዎ 20 ደቂቃ በፊት መቀባቱ ይረዳል። በዚህ መጠን ጠዋትና ማታ ለተቀባ ሰው 15 ሚሊ ሊትር ከሁለት ወር በላይ ይሄዳል። በሦስት ሳምንት የሚያልቅብዎ ከሆነ እያበዙት ነው።

ሲገዙ በጣት ከሚጠለቅበት ዕቃ ይልቅ ቱቦ ወይም የሚጫን ጡጦ ይምረጡ፤ ጀርም አይገባበትም። የምርት መለያ ቁጥሩ ካርቶኑም ቱቦውም ላይ አንድ መሆኑን፣ የጽሑፉ ፊደል ያልተሳሳተና ያልተሟሸሸ መሆኑን፣ የቱቦው ጫፍ እኩል የታሸገ መሆኑን ይዩ። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ውስጥ 6 ወይም 12 ቁጥር ከ«ኤም» ፊደል ጋር ካለ፣ ከከፈቱት በኋላ በስንት ወር መጨረስ እንዳለብዎ ነው የሚነግርዎ፤ የከፈቱበትን ቀን ቱቦው ላይ ይጻፉ። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጥ ዕቃ ይራቁ። «ሽቶ» ወይም «ፓርፉም» የሚል ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ለዓይን ሥር አይሆንም፣ ተፈጥሯዊ ዘይት ቢባልም ያው ነው። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም ሆነ የሻይ ዛፍ ዘይት ቆብ ላይ ሽፍታ ከሚያስነሱት ውስጥ ናቸው።

ክሬም ሳይጠበቅ ሐኪም ቤት የሚኬድባቸው ሁኔታዎች አሉ። እብጠቱ በአንድ ዓይን ብቻ ሆኖ የሚያም፣ የሚሞቅ፣ ትኩሳት ያለው ከሆነ ወይም ዓይን ለማንቀሳቀስ ካስቸገረ ያኑ ቀን ይሂዱ። እይታ ከደበዘዘ፣ ብርሃን ዙሪያ ቀለበት ከታየ፣ ዓይን ወደ ውጭ ከወጣ፣ ከዓይን ጋር እግርም ካበጠ ወይም ሽንት አረፋ ካበዛ አይቆይም። ወደ አፍንጫ በኩል ቆብ ላይ የሚወጣ ቢጫ ንጣፍ ካለ የደም ቅባት ምርመራ ይፈልጋል፤ ከክሬም ጋር ጉዳይ የለውም።

ሬቲኖሉን ጡት ካስጣሉ በኋላ፣ እርግዝና በማያስቡበት ጊዜ መሞከር ይችላሉ፤ ያኔም ጥቁረቱ ሳይሆን ሽብሽቡ ካሳሰበዎ። ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ያለውን ይዘው ለመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ተራውን ክሬም አስቀድመው ቀብተው በላዩ፣ አጥንቱ ጠርዝ ላይ ብቻ። ካልላላጠ በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት እየዘለሉ ያድርጉት። መላላጥ ከጀመረ አንድ ሳምንት አቁመው ወደ ሁለት ሌሊት ይመለሱ፤ የላይኛው ቆብ ላይ ግን በማንኛውም ጊዜ አይቀባም።